ኖምቩላ ምጥ ላይ ናት

በጆሃንስበርግ ካሉት የሆሳዕና ሰዎች መካከል ሱቅ የሌለው ሽጉጤ አቢሶ ብቻ ነው ቢባል ትንሽ ማጋነን ነው እንጂ ውሸት አይደለም። አንድ ጊዜስ ነበረው። ዳቬይተን ውስጥ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት፣ ከፊቷ የብረት ፍርግርግ ያላት ስፓዛ ነበረችው። ከተማው በውጭ አገር ሰው ላይ በተነሳበት በዚያ ክፉ ግንቦት ሱቋ ከነመደርደሪያዋ ተነቅላ ሄደች። ሌላው ወገኑ እንደምንም ተነስቶ እንደገና ከፈተ። ሽጉጤ ግን "ከእንግዲህ ከሰው ጋር በፍርግርግ መሃል አልነጋገርም" ብሎ ማለ። የማለ ሰውም መብላት አለበትና፣ የቀድሞ ደንበኛው የሆነ አንድ የዙሉ ሽማግሌ እሱ ራሱ ወደሚሠራበት ቦታ ይዞት ሄደ። ቦታው ከተርፎንቴይን የፈረስ መሮጫ ጀርባ ያለ የእሽቅድድም ፈረሶች ጋጣ ነበር።

"ፈረስ ታውቃለህ?" አለው የጋጣው አለቃ።

ሽጉጤ መሳቁን እስከ ዛሬ ያስታውሳል። አባቱ አቶ አቢሶ በሌሞ ወረዳ ለሰርግ ግልቢያ ፈረስ የሚገሩ ሰው ነበሩ፤ ሦስት ቀን መንገድ ተኪዶ አመለኛ ፈረስ ይመጣላቸው ነበር። የጋጣው አለቃ ግን ይህን አያውቅምና እንደ ቀልድ ወደ መጨረሻው ክፍል መራው። በዚያ ውስጥ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ዳማ ባዝራ ቆማለች። በዚያ ወር ብቻ ሁለት ሠራተኛ ነክሳ አንዱን በርግጫ አስተኝታለች። ሽጉጤ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። አባቱ "ፈረስ ስታየው ይሸሻል፣ ስትተወው ይመጣል" ይሉ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። በመጨረሻ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማጅራቱን ነካው፤ ቀጥሎም ባዝራዋ አገጯን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። በሩ ላይ ተሰብስበው ደም ለማየት ይጠብቁ የነበሩት ሠራተኞች "ሀው!" ብለው ተበተኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዝራዋ የእሱ፣ እሱም የባዝራዋ ሆነ።

በመዝገብ ስሟ ሳተርደይ ሬይን ነው። ዝናብ ሲጥል የተወለደች በመሆኗ ሠራተኞቹ በዙሉኛ ኖምቩላ ይሏታል። ሽጉጤ ጋጣ ውስጥ ኖምቩላ ብሎ ይጠራታል፤ ዮቪል ወዳለው ቤቱ ሲመለስ ግን ለሚስቱ ለኤርጎጌ ሲያወራላት "እሜቴ" ነው የሚላት። "እሜቴ ዛሬ ገብስ አልበላም አለች፤ እሜቴ ዛሬ አኮረፈች" ይላል። ኤርጎጌም "እኔ ባኮርፍ እንዲህ ትጨነቅ ነበር?" ትለዋለች።

ኖምቩላ ሃያ ሦስት ጊዜ ሮጣ አሥራ አራቱን አሸንፋለች። ሽጉጤ እያንዳንዱን ሊነግራችሁ ይችላል፤ ጊዜ ከሌላችሁ አትጠይቁት። ጊዜ ባይኖራችሁም የሚነግራችሁ ግን አንዱን ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ዝናብ ነበር፤ ርቀቱ ሁለት ሺህ ሜትር፣ ተቀናቃኞቿ አሥራ አንድ ወንዶች። ተርፎንቴይንን የሚያውቅ ያውቃል፤ የመጨረሻው ቀጥታ ዳገት ነው። ብዙ ፈረስ እዚያ ሲደርስ ልቡ ይከዳዋል። ኖምቩላ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ከፊቷ ወንዶቹ እንደ ግድግዳ ተደርድረው መንገድ አጥታ መጨረሻ ላይ ነበረች። ጋላቢው ልጓሟን ሳብ አድርጎ ወደ ውጭ አወጣት። ሁሉም የሸሸው፣ ጭቃው የጠለቀበት ዳር ነበር። ከዚያ በኋላ ጋላቢው ምንም አላደረገም፤ አለንጋውንም አላነሳም። እሷ ራሷ ጆሮዋን አጣጥፋ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። የመጨረሻውን በአንድ አንገት ርዝመት ቀደመችው። ሽጉጤ ልጓሟን ይዞ በሕዝብ መካከል ሲያልፍ ጭቃው እስከ ቅንድቡ ደርሶ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም፤ የገዛ ሰርጉ ቀን እንኳ ጫማው ጠቦት ነበር።

የዚያ ቀን ፎቶ ዮቪል ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ግን መኝታ ክፍል ነው። ሳሎን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይቀመጡበታላ። በነሱ ቤተ ክርስቲያን የፈረስ እሽቅድድም ማለት ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ ያው ነው። ሽጉጤ በዕድሜው አንድ ራንድ አስይዞ አያውቅም። ቢሆንም ለአማኝ ሁሉ ይህን ከማስረዳት "ከአንዲት ነጭ ሴትዮ ዘንድ ከብት እጠብቃለሁ" ማለት ቀለለው። ፈረስም ከብት ነው፤ ውሸት አልተናገረም።

ነጯ ሴትዮ ሚሲስ ሃርግሪቭ ትባላለች። ባሏ የጋጣው ባለቤት ነበር፤ ሲሞት ጋጣውን ሸጣ ኖምቩላን ብቻ አስቀረች። ከከተማው በስተደቡብ ኤይከንሆፍ ወደምትባል ቦታ፣ ሜዳና አሮጌ ቤት ወዳላት መሬቷ ወሰደቻት፤ ሽጉጤም ተከተለ። የዘር መጽሐፉን ያስተማረችው እሷ ናት። እንደ መጽሐፍ ቅዱስ የወፈረ መጽሐፍ ነው፤ የሺህ ፈረሶች አባትና እናት ተጽፎበታል። ሽጉጤ የአገሩ ሰው ነውና የገዛ አባቶቹን እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። የኖምቩላንም እንዲሁ አጥንቶ አንድ ቀን በኩራት ቆጠረላት፤ አባቷን፣ ያባቷን አባት፣ የሱንም አባት። ሚሲስ እስኪጨርስ ጠብቃ ሳቀች።

"በፈረስ ቤት እንዲህ አይቆጠርም፣ ሽጉጤ። ድንጉላው በዓመት የስንቱ አባት ይሆናል? ቤተሰብ የምንለው የእናት ነው። እናቷን፣ የእናቷን እናት።"

ደነገጠ። ከዚያ እንደገና ተማረ። የኖምቩላ እናት ኳይት ሪቨር፤ የሷ እናት ኮፐር ቤል፣ መኖ በጠፋበት ዓመት በገለባ እየኖረች ያሸነፈች፤ የሷ እናት ናታል ሮዝ፣ በድርቅ ዘመን የወተት ጋሪ እንድትጎትት ተሸጣ፣ ጋሪ እየጎተተች ያረገዘችው ልጇ ዝነኛ ሲሆን መልሰው የገዟት። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ እናት ወደ ላይ፣ ከእንግሊዝ በመርከብ ደርባን እስከ ወረደችው እስከ ግሬይ ፒልግሪም ድረስ። "ዘር ከልጓም ይስባል" ይላል ሽጉጤ፤ የዚያች የዝናብ ቅዳሜ ዳገት ላይ ኖምቩላን የሳባት ጋላቢው ሳይሆን ናታል ሮዝ እንደነበረች አይጠራጠርም።

ችግሩ ኖምቩላ ሰባት ወልዳ ሰባቱም ወንዶች መሆናቸው ነበር። ሆሳዕና ቢሆን እልል ይባልላት ነበር። በመጽሐፉ ሕግ ግን ወንድ ልጅ የእናቱን ቤት አያስቀጥልም። እህቶቿ ሞተዋል፤ ዘጠኝ እናቶች ያሻገሩት ቤት እሷ ላይ ሊዘጋ ነው።

ሽጉጤ ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳው የነበረው ለምን እንደሆነ ለራሱም አልነገረውም። እሱ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ፊቤ። ኤርጎጌ ፊቤን ስትወልድ ተጎድታ ሁለተኛ አልቻለችም። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ፋንታሁን ከሆሳዕና በየወሩ ይደውሉና ከሰላምታው በኋላ ያው ነው፦ "ስምህን ማን ይጠራዋል? አንዲት አግባና ወንድ ልጅ አምጣ። እዚያ አገር ሴት ጠፋ?" ሽጉጤ "እሺ ጋሼ፣ እናያለን" ይላል። እምቢ ያለበት ቀን የለም። ታላቅን እምቢ ማለት አልተማረም። ያንን "እናያለን" ኤርጎጌ ከማዕድ ቤት ሆና አሥራ ሰባት ዓመት ሰምታዋለች። አንድ ቀንም ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ መልሱን ፈርታ ነው።

የኮሮና በሽታ የመጣው ኖምቩላ ስምንተኛውን እንዳረገዘች ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሐኪሙም "ይህ የመጨረሻዋ ነው" ብሏል። መጋቢት ላይ አገሩ ሲዘጋ ሽጉጤ ለሦስት ሳምንት ብሎ ኤይከንሆፍ ቀረ። ሦስቱ ሳምንት አምስት ወር ሆነ። መንገዱ ሲከፈትም መመለስ አልቻለም፤ ሚሲስ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሳንባዋ ደካማ ነው፣ ወጥቶ የሚገባ ሰው ፈራች። "ከሄድክ እስክትወልድ አትመለስም" አለችው በመስኮት። ስለዚህ ኤርጎጌ ፎርድስበርግ የመጋረጃ ጨርቅ የምትሸጥበት ጠረጴዛ ተዘግቶ፣ ፊቤ በስልክ እየተማረች ዮቪል ቀሩ፤ እሱ ከጋጣው አጠገብ ባለች ክፍል አደረ። ሰው ማማት ጀመረ። አምስት ወር ሙሉ ከብት የሚጠብቅ ባል ምን ዓይነት ከብት ነው የሚጠብቀው?

በነሐሴ ወር አንድ እሑድ ኖምቩላ ከንጋት ጀምሮ መቆም መቀመጥ አቃታት። ባዝራ ብዙውን ጊዜ ጨለማና ብቸኝነት ጠብቃ ነው የምትወልደው፤ ኖምቩላ ግን የማንንም ፈቃድ ጠብቃ አታውቅም። አላባት፤ ጎኗን ዞራ ታያለች፤ ደግሞ ትተኛለች፤ ደግሞ ትነሳለች። ሽጉጤ ሐኪሙ ዘንድ ደወለ። ሐኪሙ በበሽታው ተይዞ ቤቱ ተዘግቶበታል፤ ሌላ ሐኪም እስከ ከሰዓት እንደማይመጣ ተነገረው። ልክ በዚያን ሰዓት ስልኩ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የዙም ጸሎት ተጀምሮ ነበር። አርባ ሰባት ሰው ገብቷል። ሽማግሌው ወንድም ይገረም "የጸሎት ርዕስ ያለው?" አለ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሽጉጤ ለእሽቅድድም ፈረስ ጸልዩልኝ ቢል የሚሆነውን ያውቃል። ዝም ቢልም አላስቻለውም።

"ወገኖቼ፣ አንዲት እናት ምጥ ላይ ናት" አለ። "ኖምቩላ ትባላለች። ከእኔ በቀር አጠገቧ ማንም የለም። እባካችሁ ጸልዩላት፤ እኔ ያለ እሷ…" ይህን ሲል ባዝራዋ አቃሰተች፤ ስልኩን ገለባ ላይ ጥሎ ሮጠ።

ቀጥሎ ዮቪል ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማው። አርባ ስድስት ሰው ወደ ስልኩ ተጠጋ። ከዚያ አንዲት እህት ማይክ መዝጋቷን ረስታ "ጌታ ሆይ! ዙሉ አግብቶ ኖሯል!" አለች። ኤርጎጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አላለቀሰችም፤ ፊቤ እንዳለችው ያስፈራውም ያ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወንድም ይገረም ባኪ በሚሏት የጭነት መኪናው መጥቶ በሩ ላይ ጡሩንባ ነፋ፤ እናትና ልጅን አሳፍሮ መጽሐፍ ቅዱሱን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ወደ ደቡብ ነዳ።

ኤይከንሆፍ ሲደርሱ የባዝራዋ ሽርት ውሃ ገና መፍሰሱ ነበር። ሽጉጤ እጀታውን ሰብስቦ ገለባ ላይ ተንበርክኳል። የጋጣው በር ሲከፈት ዞር ብሎ ሦስቱንም በማስክ አያቸው።

"ወንድም ሽጉጤ" አለ ይገረም ከበሩ ሆኖ፣ ውስጡን ሳያይ፤ "ሴትዮዋ የት ናት?"

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"ኖምቩላ ናታ!"

ስሟን የሰማችው ባዝራ ጆሮዋን አቀናች። ኤርጎጌ ባሏን አየችው፤ ባዝራዋን አየች።

"ይቺ እሜቴ አይደለችም እንዴ?"

"እሜቴ ናት።"

"ታዲያ ኖምቩላ ማን ናት?"

"እሷው ናት፣ ኤርጎጌ። እዚህ እንዲያ ነው የሚሏት።"

ኤርጎጌ ግድግዳውን ተደገፈች። "አንተ ሰው፣ ልትገድለኝ ነበር እኮ" አለች፤ ድምፅዋ ለሳቅም ለለቅሶም አልደረሰም። ልትጨምር አፏን ስትከፍት ግን ዓይኗ ከባዝራዋ ኋላ ያለውን አየ። የከብት አርቢ ልጅ ናት፤ አባቷ ቤት ስንት ላም አዋልዳለች።

"የፊቤ አባት፣ አንድ ኮቴ ብቻ ነው እኮ የሚታየው!"

"አውቃለሁ። ሁለተኛው ወደ ኋላ ታጥፏል። እጄ አልገባልኝም።"

"እንዴት ይግባ? የአንተ ክንድ እኮ የበር መቀርቀሪያ ነው። ተነስ፣ ራሷን ያዝ!"

የእሑድ ቀሚሷን እጀታ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች፤ ፊቤ ባመጣችላት ውሃና ሳሙና ታጠበች፤ ቀጭን ክንዷን አስገባች። ባዝራዋ ስታምጥ ትጠብቃለች፤ ስታርፍ ወደ ውስጥ ትገፋለች። ላቧ በማስኩ ላይ ይወርዳል። "ኮቴውን ያዝኩት፤ በመዳፌ ሸፍኜዋለሁ፣ እንዳይቀድዳት" ትላለች። ሽጉጤ የባዝራዋን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ በጆሮዋ የእናቶቿን ስም ይቆጥርላታል፤ ኳይት ሪቨር፣ ኮፐር ቤል፣ ናታል ሮዝ። ወንድም ይገረም ለፍርድ መምጣቱን ረስቶ እጁን ዘርግቶ ጮክ ብሎ ጸለየ።

"ጌታ ሆይ ዕርዳት! ጌታ ሆይ፣ ወንድ ልጅ ስጣት!"

"ሴት በል!" ብሎ ጮኸ ሽጉጤ።

"ምን?"

"ሴት! ሴት እንድትሆን ጸልይ! ወንድ ከሆነ ቤቱ ይዘጋል!"

ይገረም ሃያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሲያገለግል እንዲህ ያለ የጸሎት ርዕስ ቀርቦለት አያውቅም። ቢሆንም ጸለየ።

ኤርጎጌ "መጣ!" አለች፤ ሁለተኛው ኮቴ ወጣ፤ ቀጥሎ አፍንጫ፤ ከዚያ በአንድ ትልቅ ምጥ ሙሉ አካሉ እንፋሎት እያጨሰ እቅፏ ውስጥ ዱብ አለ። ሁለቱም ገለባው ላይ ወደቁ። ኤርጎጌ የውርንጭላውን አፍንጫ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ውርንጭላው አነጠሰ። ፊቤ ጎንበስ ብላ ጅራቱን አነሳች።

"ኦ ማይ ጎድ! ዳዲ፣ ኢትስ ኧ ገርል! ሴት ናት!"

ሽጉጤ አለቀሰ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ማዶ በመስኮቷ ለምትጠብቀው ለሚሲስ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ሴት ውርንጭላ መሆኗን ሊነግራት በእንግሊዝኛ "ፊሊ! ፊሊ!" እያለ ጮኸ፤ አሮጊቷ መጋረጃውን ይዛ ተቀመጠች። ይገረም በበኩሉ የባዝራዋን እግሮች አንድ በአንድ እየዞረ ያያል፤ የሱም አባት ፈረስ ነበራቸው። "ወንድም ሽጉጤ" አለ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው ያሸነፈችው?"

ሽጉጤ አሥራ አራቱንም ሊጀምርለት ሲል ነው ስልኩ የጮኸው። ገለባ ውስጥ ፈልጋ ያገኘችው ፊቤ ናት። ወሬ ከባኪ ይፈጥናል፤ ጋሽ ፋንታሁን ነበሩ፣ ከሆሳዕና። የሽጉጤ እጅ በደም ተለውሷልና ፊቤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችለት።

"እልልልል! ሰማን እኮ!" ጋሽ ፋንታሁን እስኪያስላቸው ይስቃሉ። "ዙሉም ትሁን ሌላ፣ ሰው ናት! ተወለደ? ወንድ ነው አይደል?"

ኤርጎጌ ክንዷን ከምታጥብበት ባልዲ ቀና አለች። ሽጉጤ አያት። አሥራ ሰባት ዓመት "እናያለን" ሲል እሷ የት ቆማ ትሰማ እንደነበር ገና አሁን የገባው መሰለ፤ አፈረ።

"ሴት ናት፣ ጋሼ። የተወለደችው ከባዝራ ነው፤ ሌላ ሚስት የለኝም። ያዋለደቻትም ኤርጎጌ ናት።"

"ከባዝራ?" ጋሽ ፋንታሁን ግራ ገባቸው። ከዚያ የለመዱትን አነሱ። "እንግዲያስ እንደነገርኩህ ነው፤ አንዲት ማግባት…"

"አላገባም።"

"እናያለን በለኝ እንጂ።"

"አላይም፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ይህን እንዳታነሳብኝ። የኔ ቤት ይቺው ናት፤ ሙሉ ናት።"

እንዲህ ብሎ ለታላቁ ተናግሮ አያውቅም። ልቡ ኮራ።

"ታዲያ ስምህን ማን ይጠራዋል?" አሉ ጋሽ ፋንታሁን፣ ሊቆጡ ሳይሆን ከልባቸው አዝነው።

"እኔ ነኛ፣ አጎቴ" አለች ስልኩን የያዘችው ፊቤ። አባቷ ዞሮ አያት። ሴት ልጅ ናትና የአባቶቹን ቆጠራ አስተምሯት አያውቅም። እሷ ግን ግድግዳው ቀጭን በሆነ ቤት ነው ያደገችው፤ ማታ ማታ ብቻውን ሲያጉተመትም ሰምታዋለች። አንዴ ተነፈሰችና በጆሃንስበርግ አማርኛዋ ጀመረች።

"ፊቤ ሽጉጤ። ሽጉጤ አቢሶ። አቢሶ ኤርሳዶ። ኤርሳዶ ላንቃሞ። ላንቃሞ ሀንዲሶ። ሀንዲሶ አኑሎ። አኑሎ ዱታሞ…"

አልተደናቀፈችም። ኤርጎጌ እርጥብ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከስልኩ ወዲያ በስምንተኛው አባት ላይ፣ ልማድ ሆኖባቸው አላስችል ብሏቸው፣ ጋሽ ፋንታሁን አብረዋት መቁጠር ጀመሩ።